ፍራክቱር ፊደላትን በሒሳብ ምልክትነት መጠቀም፦ እስካሁን የደረስኩበት

እዚህ ድሬዳዋ አብረውኝ አልጀብራ ለሚያጠኑ ጓደኞቼ የማዘጋጀውን ማስታወሻ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ከጀመርኩ ወዲህ፣ ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ የወሰዱብኝ ፍራክቱር የሚባሉት፣ የድሮ የጀርመን መጻሕፍት ይታተሙባቸው የነበሩ ማዕዘናማ የላቲን ፊደላት ናቸው። በሒሳብ ውስጥ የሚገቡት ለጌጥ አይደለም። ለምሳሌ በጋውስ ኢንቲጀሮች (ሙሉ ቁጥሮችን ከአይ፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ ነጌቲቭ 1 ከሚሰጠው ቁጥር፣ ጋር በማጣመር በሚገኙት ቁጥሮች) ውስጥ «2 ሲደመር አይ» እና «2 ሲቀነስ አይ» ሲባዙ 5 ይሰጣሉ፤ ፕራይም ቁጥሩ 5 በተራው ፒ ሲወከል፣ «2 ሲደመር አይ» የሚያመነጨው አይዲያል (የብዜቶቹ ሁሉ ስብስብ) ግን በፍራክቱር ፒ ይጻፋል። ፍራክቱሩ በመንገድ ላይ ጠፍቶ ሁለቱም ተራ ፒ ሆነው ከደረሱ፣ አንባቢው ቁጥሩን ከአይዲያሉ የሚለይበት ምንም ነገር አይቀረውም።

ተራውን ፒ ጽፎ ፎንቱን ብቻ መቀየር አስተማማኝ ያልሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መዝገብ) ከመለመዱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የጻፈ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ጽሑፉ ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ዩኒኮድ በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.1 እትሙ ለሒሳብ ፊደላት የራሳቸውን መለያ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ትልቁ ፍራክቱር ኤ 120068 ሲሆን፣ የትንሹ ዜድ ቁጥር 120119 ነው።

ይሁን እንጂ ተራው በመካከል ይቋረጣል። ሲ፣ ኤች፣ አይ፣ አር እና ዜድ የተባሉት ትልልቅ ፊደላት ከዚያ በፊት በሌላ ስፍራ ተመዝግበው ስለነበር በአዲሱ ተራ ቦታቸው ባዶ ተትቷል። ስለዚህ ከኤ ጀምሮ አንድ አንድ እየደመረ ፊደል የሚያወጣ ፕሮግራም 120070 ላይ ሲደርስ ምንም አያገኝም፤ ትክክለኛው ፍራክቱር ሲ 8493 ላይ ነው። የኮምፕሌክስ ቁጥርን የሪያል ክፍል የሚወክለው አር 8476፣ የኢማጂናሪ ክፍልን የሚወክለው አይ ደግሞ 8465 ናቸው። ደማቁ ፍራክቱር ከ120172 ጀምሮ 52ቱም ሳይጎድል ይገኛል፤ ሆኖም ክፍተቱን ለመሸሽ ብሎ ደማቁን መውሰድ አይገባም፤ በሒሳብ ደማቁና ተራው ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸውና።

ይበልጥ የገረመኝ ጥያቄዎችን የማጠራቅምበት ዳታቤዝ ነው። የዩኒኮድ ቁጥሮችን ወደ ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) በሚቀይረው ዩቲኤፍ 8 በተባለ ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ሲይዝ፣ አብዛኞቹ ፍራክቱሮች 4 ባይት ይይዛሉ። በምጠቀምበት የዳታቤዝ ፕሮግራም በማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ8» ተብሎ የቆየው አቀማመጥ ደግሞ ከ3 ባይት በላይ አይቀበልም። አማርኛው እንከን ሳይታይበት ይቀመጣል፤ እነዚያ አምስቱ የቀደሙ ፊደላትም 3 ባይት ስለሆኑ ያልፋሉ፤ ሌሎቹ ግን ወይ ስህተት ያስከትላሉ፣ ወይ ጽሑፉን ካሉበት ቦታ ጀምሮ ያስቆርጡታል። ፍራክቱር አር ገብቶ ፍራክቱር ፒ ሲቀር ያየ ሰው ጥፋቱን በባይት ቁጥር ሳይሆን በፊደሉ ላይ ቢፈልግ አይፈረድበትም። መፍትሔው ሠንጠረዡን ወደ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» መለወጥ ነው።

በኅትመት በኩል ያለው ነገር አጭር ነው። ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ ኮፒ ቤት የወርድ ፋይሉ ሲከፈት ምልክቶቹ ባዶ ሳጥን ሆነው ታዩ፤ ፎንቱን በውስጡ ያካተተ ፒዲኤፍ ስወስድ ችግሩ ተወገደ።

አሁን የምከተለው አሠራር የሚከተለው ነው። ለኅትመት የሚሆነውን ላቴክ በሚባለው የሒሳብ ጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም እጽፋለሁ፤ በቴሌግራም ለምንላላካቸው አጫጭር ጥያቄዎች ደግሞ የዩኒኮዱን ፊደል በቀጥታ አስገባለሁ። ጽሑፉ በመፈለጊያ ፕሮግራም የሚያልፍ ከሆነ ኤንኤፍኬሲ የሚባለው ማስተካከያ አለመብራቱን አስቀድሜ አረጋግጣለሁ፤ እርሱ ፍራክቱሩን ሁሉ ወደ ተራ ፊደል ይመልሳልና። ስማቸውን በእነዚህ ፊደላት የሚያስጌጡ ወዳጆቼን ግን አላበረታታም፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም ስሙን አንድ ቃል አድርጎ ከማንበብ ይልቅ የእያንዳንዱን ምልክት ረጅም መጠሪያ ሊዘረዝር ወይም ጨርሶ ሊዘልለው ይችላል።