«ላይክ»ን እንተወው፤ «ጎይንግ ፎርዋርድ»ን እንጠይቀው

እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ሁሉ ጆሮው የማይታገሠው አንድ ቃል ወይም አባባል አያጣም። አንዱን በየዓረፍተ ነገሩ መካከል የሚሰነቀረው «ላይክ» («እንደ» ማለት ነው) ያንገሸግሸዋል፤ ሌላው «አት ዚ ኤንድ ኦፍ ዘ ዴይ» («ዞሮ ዞሮ») ሲባል ከሰማ ከዚያ በኋላ የሚነገረውን ማዳመጥ ያቆማል፤ «ሊተራሊ» («ቃል በቃል») ያለ ቦታው የገባበት ሰው ደግሞ ተናጋሪውን ካላረመ አያርፍም። ሥራዬ ሌሎች የጻፉትን እንግሊዝኛ ማረም ስለሆነ ይህን ምሬት በሚገባ አውቀዋለሁ፤ የምጋራበትም ጊዜ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ቁጣችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ማንንም በማይጎዱ ቃላት ላይ እንደሆነ፣ ጉዳት የሚያደርሱት አባባሎች ግን ጨዋ ስለሚመስሉ ብቻ ሳይጠየቁ እንደሚያልፉ አምናለሁ።

ምሬቱ የጥቂት ቁጡ ሰዎች ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ክሪሲ ማኸር በእንግሊዝ የመሠረቱት፣ ግልጽ እንግሊዝኛ እንዲጻፍ የሚሟገተው «ፕሌይን ኢንግሊሽ ካምፔይን» በ2004 ከ70 በላይ በሆኑ አገሮች የሚገኙ ደጋፊዎቹን ከሁሉ ይበልጥ የሚያበሳጫቸው አባባል የትኛው እንደሆነ ጠይቆ ነበር። አንደኛ የወጣው «አት ዚ ኤንድ ኦፍ ዘ ዴይ» ሲሆን «አት ዚስ ሞመንት ኢን ታይም» («በዚህ ሰዓት»)፣ «ላይክ» እና «ዊዝ ኦል ዱ ሪስፔክት» («ከነሙሉ አክብሮቴ») ከፊተኞቹ መካከል ነበሩ። በአሜሪካ የማሪስት ኮሌጅ የሕዝብ አስተያየት መመዘኛ በ2009 ባወጣው ውጤት ደግሞ ከተጠየቁት ሰዎች 47 በመቶ የሚሆኑት ከሁሉ የሚያናድዳቸው «ዋትኤቨር» («ምንም ይሁን») እንደሆነ መልሰዋል። በሚሺጋን ግዛት የሚገኘው ሌክ ሱፒሪየር ስቴት ዩኒቨርሲቲም ከ1976 ጀምሮ በየዘመን መለወጫው ከእንግሊዝኛ ሊባረሩ ይገባል የሚባሉ ቃላትን ዝርዝር ሲያወጣ ቆይቷል። «አት ዚ ኤንድ ኦፍ ዘ ዴይ» በ1999 ከዚህ ዝርዝር ገብቶ ነበር፤ በ2022 እንደገና ገባ። «አብሶሉትሊ»ም («ያለ ጥርጥር») በ1996 ተወግዞ በ2023 ዳግመኛ ተወግዟል። ከሃያ ዓመት በላይ የተወገዘ አባባል አንድም ተናጋሪ ሳያጣ ከተመለሰ፣ ውግዘቱ የነገሩን ሥር አልነካውም ማለት ነው።

ይህ ቁጣ ዕድሜው ከእኛ እጅግ ይበልጣል። ጸሐፊው ጆናታን ስዊፍት በ1710 ባሳተመው አንድ ጽሑፍ «ሞብ» (ረብሸኛ ሕዝብ) እና «ባንተር» (ቀልድና ተረብ) የተባሉትን አዲስ ቃላት ለማስቆም ለዓመታት የተቻለውን ሁሉ እንዳደረገ፣ ሆኖም የተናጋሪዎቹ ብዛት እንዳሸነፈው በምሬት ገልጿል። ዛሬ ሁለቱንም ቃላት ማንም ሰው ያለ ቅሬታ ይጠቀምባቸዋል። አሜሪካዊው ፖለቲከኛና ጸሐፊ ቤንጃሚን ፍራንክሊንም ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በታኅሣሥ 1789 ለመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ለኖኅ ዌብስተር በላከው ደብዳቤ «ኖቲስ» (ማስተዋል)፣ «አድቮኬት» (መሟገት) እና «ፕሮግረስ» (መሻሻል) የተባሉት ቃላት እንደ ግሥ መነገራቸው እንዳስከፋው ጽፎ፣ ዌብስተር በሥልጣኑ እንዲቃወማቸው ለምኗል። የትኛውም አልተወገደም። ብዙዎች የዘመናችን ወጣቶች አበላሹት የሚሉት «ሊተራሊ» እንኳ ለማጋነን ማገልገል የጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት በ1909 እትሙ ይህንኑ አጠቃቀም አስፍሮታል። የቋንቋ ሊቁ አርኖልድ ዝዊኪ በ2005 ለሁለት የተለመዱ ስሕተቶች ስም አውጥቶላቸዋል፦ አንደኛው አንድን አነጋገር ያስተዋልነው በቅርቡ ስለሆነ ብቻ በቅርቡ የተፈጠረ አድርገን መቁጠራችን ነው፤ ሁለተኛው አንዴ ካስተዋልነው በኋላ በየቦታው የሚደጋገም መስሎ መታየቱ ነው። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው ቢኖር፣ የጠላነውን ቃል ሌላው ሰው ሲናገረው እንቆጥራለን፤ ራሳችን ስንናገረው ግን አንሰማውም የሚለውን ነው።

ስለ «ላይክ»፣ «ዩ ኖው» («ታውቃለህ») እና ስለ መሰሎቻቸው ጠበቃ ሆኜ መቆም እፈልጋለሁ። ንግግር ከጽሑፍ የሚለየው ተናጋሪው እያሰበ የሚናገር በመሆኑ ነው፤ አድማጩም ተናጋሪው ጨርሶ እንደሆነ ወይም ገና ቃል እየፈለገ እንደሆነ ማወቅ አለበት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኸርበርት ክላርክና ጂን ፎክስ ትሪ በ2002 ባሳተሙት ጥናት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ኧ» የሚሉት አጭር መዘግየት ሊከተል ሲል፣ «ኧም» የሚሉት ደግሞ ረዘም ያለ መዘግየት ሊከተል ሲል እንደሆነ አሳይተዋል። ስለዚህ እንዲህ ያሉት ድምፆች ለአድማጩ መልእክት ያደርሳሉ። «ላይክ»ም የራሱ ሥራ አለው። አንዲት ወጣት የጓደኛዋን ንግግር ስታወራ «ሺ ዋዝ ላይክ» («እንዲህ ዓይነት ነገር አለች») ብላ ከጀመረች፣ የምትናገረው ነገር የጓደኛዋ መንፈስና አኳኋን እንጂ ቃል በቃል የተባለው እንዳልሆነ አስቀድማ ታሳውቃለች። «ሺ ሴድ» («እንዲህ አለች») ብላ ያልተባለ ነገር በእርግጠኝነት ከማውራት ይልቅ ይህ ለእውነት የቀረበ አነጋገር ይመስለኛል። በዚህ ቃል ምክንያት ዘወትር የሚነቀፉት ወጣት ሴቶች መሆናቸውም ልብ ሊባል ይገባል፤ ነቀፌታው ስለ ቃሉ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ስለ ተናጋሪዋ ነው።

የማጋነኛ ቃላት ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ነገር ግን እነሱም የሚገባቸውን ያህል ብቻ ቢወቀሱ ይበቃል። ዛሬ ሁለቱም «ግሩም» ለማለት ቢነገሩም «ኦሰም» በመጀመሪያ በአክብሮት የሚያስፈራውን ነገር፣ «ተሪፊክ» ደግሞ በቀጥታ የሚያስፈራውን ይገልጹ ነበር፤ «ቬሪ» («በጣም») እንኳ ጥንት «እውነተኛ» ማለት ነበር። ኃይለኛ ቃል በየቀኑ ሲነገር ኃይሉ ያልቃል፤ ሌላ ቃል ይተካዋል። ይህ በቋንቋዎች ሁሉ የሚታይ ነው፤ ሊያሳስበኝም አልቻለም።

የሚያሳስቡኝ ሌሎች ናቸው። «ዊዝ ኦል ዱ ሪስፔክት» የሚለውን እንመልከት፦ የሰማው ሁሉ ንቀት ሊከተል እንደሆነ ያውቃል፣ ተናጋሪውም አድማጩ እንደሚያውቅ ያውቃል፤ አባባሉ የሚያገለግለው የተሰደበው ሰው ቅር ቢለው ጥፋቱ የራሱ እንዲመስል ለማድረግ ነው። «ዊ አፖሎጃይዝ ፎር ኤኒ ኢንኮንቪኒየንስ» («ለደረሰው ማንኛውም መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን») የሚለው የድርጅቶች ይቅርታም ቀረብ ተብሎ ሲታይ ያሳዝናል። በመካከሉ ያለችው «ኤኒ» የምትባለው ትንሽ ቃል «ምናልባት ካለ» የሚል ጥርጣሬ ታስገባለች፤ ጉዳቱን ጽፎ ያመለከተ ሰው የሚደርሰው ይቅርታ ጉዳቱ ስለመኖሩ ገና እርግጠኛ ያልሆነ ይቅርታ ይሆናል። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በጥር 1987 ለኮንግረስ ባሰሙት ንግግር ለኢራን በስውር ስለተሸጠው መሣሪያ ሲናገሩ ከባድ ስሕተቶች «ተፈጽመዋል» ብለው ነበር። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስሕተት አለ፣ ፈጻሚ የለም። በስብሰባ ላይ «ይህን ወጪ የፈቀደው ማን ነው?» ተብሎ ለሚቀርብ ጥያቄ «ሌትስ ሰርክል ባክ ቱ ዛት» («በኋላ እንመለስበት») የሚል መልስ ሲሰጥም እንዲሁ ነው፤ ጥያቄው ውድቅ አልተደረገም፣ መልስም አላገኘም፣ ተመልሶ የሚያነሣው ሰውም አልተመደበም። ጠያቂው ደግሞ ደግሜ ላንሣው ቢል ነገር ፈላጊ ይባላል።

እነዚህ አባባሎች የሚስፋፉት ሰዎች ቋንቋውን ስለማይወዱት አይመስለኝም። አዲስ ሠራተኛ የአለቃውን አነጋገር ይወርሳል፤ የተለመደውን አባባል የጻፈ ሰው አይጠየቅም፣ ግልጽ ቃል የጻፈ ግን በቃሉ ይያዛል። ስለዚህ የፍርሃት መጠለያ ሆነዋል፤ ለዚህም ነው በማሾፍ ብቻ ሊነቀሉ የማይችሉት። እኔ በማርማቸው ጽሑፎች ላይ እንዲህ ያለ አባባል ሲያጋጥመኝ ከመሰረዝ ይልቅ በኅዳጉ ላይ ጥያቄ መጻፍን መርጫለሁ።

አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት ለደንበኞች የሚላክ ደብዳቤ እንዳርም ተሰጠኝ። በውስጡ «ጎይንግ ፎርዋርድ፣ ኤፎርትስ ዊል ቢ ሜድ ቱ ኢምፕሩቭ ሪስፖንስ ታይምስ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት፤ ወደፊት መልስ የሚዘገይበትን ጊዜ ለማሻሻል ጥረት ይደረጋል ማለት ነው። ሰዋስው አልጎደለውም። በኅዳጉ ላይ ጥረቱን የሚያደርገው ማን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ አሁን መልስ ለመስጠት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቅሁ። ረቂቁን ያዘጋጀው ሰው ጥያቄዎቹን ለሁለት ክፍሎች አስተላለፈ፤ ከቀናት በኋላም ለካ ለጉዳዩ የተመደበ ሰው እንዳልነበረ ጻፈልኝ። አንደኛው ክፍል ተሰብስቦ ኃላፊውን መደበና ለማንኛውም ጥያቄ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ እንደሚሰጥ በደብዳቤው ላይ እንዲሰፍር ፈቀደ። ሁለተኛው ክፍል ግን ቀን ቆርጦ ለመጻፍ እንደሚቸገር ገልጾ አባባሉ እንዳለ እንዲቀርለት ጠየቀ፤ ደብዳቤውም ሁለቱንም ይዞ ወጣ።