ዓመተ ምሕረት ያልተጻፈባቸው ዕልባቶች፦ ዘመናቸውን ፍለጋ እስካሁን የደረስኩበት

«ዘመኑ ያልታወቀ» የሚል ወረቀት የለጠፍኩበት ሣጥን ለረጅም ጊዜ ከዕልባት (ያነበብንበትን ገጽ ለማስታወስ በመጽሐፍ ውስጥ የሚገባ ምልክት) ስብስቤ ሁሉ ትልቁ ክፍል ነበር። አሁን ይዘቱ ከግማሽ በታች ሆኗል፤ ከውስጡ ወጥተው ቦታ ቦታቸውን የያዙት ዕልባቶችም አብዛኞቹ ከሁለት አሥርተ ዓመታት በማይሰፋ የጊዜ ወሰን ውስጥ ገብተዋል። በዚህ መደሰቴን አልደብቅም። ይህን የምጽፈውም በዚሁ ጉዳይ የሚቸገሩ ሌሎች ሰብሳቢዎች እንዳሉ ስለማውቅ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ስለ አጀማመሬ ብዙ የምለው የለኝም። ከአሳታሚዎችና ከመጻሕፍት መደብሮች በነጻ የሚታደሉትን፣ ከቤተ መዘክሮች የሚገዙትን፣ ባገለገሉ መጻሕፍት ውስጥ ተረስተው የሚገኙትን ሁሉ ሳልመርጥ አከማች ነበር። በመጀመሪያ በቀለም፣ ቀጥሎ በመጠን፣ በመጨረሻም በተሠሩበት ቁስ ለየኋቸው። በቁስ መለየት ለአቀማመጥ ስለሚበጅ ዛሬም የምከተለው ነው፤ በቀለም መለየት ግን ዓይንን ከማስደሰት ያለፈ ጥቅም የለውም ባይ ነኝ። ብዛትን በሚመለከት፣ ኔዘርላንዳዊው ፍራንክ ዲቬንዳል ከ1982 ጀምሮ የሰበሰባቸው 103,009 ዕልባቶች በ2010 በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍረዋል። ለእንዲህ ያለው ጽናት አክብሮት አለኝ፤ ሆኖም እኔን የሚስበኝ ያለኝን ማብዛት ሳይሆን ስላለኝ ነገር ማወቅ ነው። የትና መቼ እንደተሠራ የማላውቀው ዕልባት በእጄ ቢኖርም የስብስቤ አካል ሆኗል ብዬ ለመቁጠር እቸገራለሁ።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። መጽሐፍ የታተመበትን ዓመትና ማተሚያ ቤቱን በመጀመሪያ ገጾቹ ላይ ይዞ ይወጣል፤ ዕልባት ግን በአብዛኛው ለጊዜያዊ ማስታወቂያ ወይም ለስጦታ ስለሚሠራ ዓመተ ምሕረት ሊያኖርበት የሚያስብ ሰው የለም። ስለዚህ ዘመኑን በሁለት ጥያቄዎች ከብቦ መያዝ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው «ከየትኛው ዓመት በፊት ሊሠራ አይችልም?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ከየትኛው ዓመት በኋላ ሊሠራ አይችልም?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ መልስ ያገኛል፤ ሁለተኛው ግን አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም አሮጌ ምስል በማንኛውም ዘመን እንደገና ሊታተም ይችላል። የአንድ ታዋቂ ሰው ምስልና የሞተበት ዓመት ያለበት ዕልባት ከዚያ ዓመት በፊት አለመሠራቱን ብቻ ነው የሚነግረን። በዚያው ዓመት እንደተሠራ አድርጎ የሚጽፍ ሻጭ ሲያጋጥመኝ የቀሩትን መግለጫዎቹንም በጥርጣሬ አነባለሁ።

ከሁሉ ቀድሞ መመርመር ያለበት ጽሑፉ ነው፤ ከጽሑፉም አድራሻው። በአሜሪካ አምስት አኃዝ ያለው የፖስታ መለያ ቁጥር ሥራ ላይ የዋለው በ1963 ስለሆነ ይህ ቁጥር ያለበት ማስታወቂያ ከዚያ ወዲህ የታተመ ነው፤ ከከተማው ስም ቀጥሎ ባለ ሁለት አኃዝ የቀጠና ቁጥር ብቻ ካለ ግን ከ1943 እስከ 1963 ባለው ጊዜ ውስጥ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በሽልንግና በፔኒ የተጻፈ የእንግሊዝ ዋጋ ካለበት አገሪቱ በየካቲት 1971 ወደ አሥርዮሽ ገንዘብ ከመዞሯ በፊት ወዳለው ዘመን ይመራናል። የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ ማለትም አይኤስቢኤን፣ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው በ1970 ሲሆን አሥር አኃዝ የነበረው ቁጥር ከ2007 መግቢያ ጀምሮ አሥራ ሦስት ሆኗል። በሽግግሩ ወቅት ሁለቱንም ጎን ለጎን ያተሙ አሳታሚዎች ስለነበሩ ሁለቱ አብረው ሲገኙ ወደ 2007 ዙሪያ መጠጋት ተገቢ ነው። በባርኮዱ ሥር የሚታየው በ978 የሚጀምር ቁጥር ግን ከዚያ ቀደም ብሎም ይሠራበት ስለነበር ብቻውን ለማስረጃነት አይበቃም። የድረ ገጽ አድራሻ ካለም ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የታተመ ነው ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

እስካሁን ከፈታኋቸው ሁሉ የምወደው ከአንድ የጀርመን መጻሕፍት መደብር የወጣ ተራ የካርቶን ዕልባት ነው። ምስሉ ደብዛዛ፣ ወረቀቱ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በአድራሻው ላይ ከባለ አራት አኃዙ የፖስታ ቁጥር በፊት «ደብልዩ» የሚለው የላቲን ፊደል በአጭር ሰረዝ ተያይዞ ገብቷል። ምዕራብና ምሥራቅ ጀርመን በ1990 ሲዋሐዱ የሁለቱም የፖስታ ቁጥሮች ባለ አራት አኃዝ ስለነበሩና ስለሚጋጩ፣ ለምዕራቡ ይህ ፊደል፣ ለምሥራቁ ደግሞ «ኦ» በጊዜያዊነት ከፊታቸው እንዲጻፍ ተደርጎ ነበር። በሐምሌ 1993 አምስት አኃዝ ያለው አዲስ ቁጥር ሲመጣ ፊደሎቹ ቀሩ። አንዲት ፊደል የዕልባቱን ዘመን ከሦስት ዓመት ባነሰ ወሰን ውስጥ አስገባችው ማለት ነው። በሐር ተሸምነው በውድ ዋጋ ከሚሸጡት መካከል ይህን ያህል ጠባብ ወሰን ያገኘሁለት የለም።

ጽሑፉ ዝም ሲል ወደ ኅትመቱ መሄድ ነው። ለዚህ አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው የሚታየውን ስፍራ ስለሚያጠብብ ለጀማሪ አልመክረውም። በአራት ቀለም የታተመ ዘመናዊ ሥራ ከሥሩ ሲታይ ነጠብጣቦቹ በሥርዓት ተደርድረው እንደ አበባ ቅጠል ክብ ክብ ሠርተው ይታያሉ። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽና በሃያኛው መጀመሪያ በሰፊው ይሠራበት የነበረው የድንጋይ ላይ ባለ ቀለም ኅትመት ግን ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ድንጋይ ስለሚጠቀምና ነጠብጣቦቹ በእጅ ስለሚጣሉ ሥርዓት የላቸውም፤ የአንዱ ቀለም ጠርዝ ከሌላው አልፎ መውጣቱም የተለመደ ነው። የቤት ፕሪንተር ሥራ ደግሞ ቀለም የተረጨ በሚመስል ብትንትን ነጠብጣብ ይታወቃል። በመላእክትና በአበባ ምስል ያጌጠ «ጥንታዊ» ዕልባት በመነጽር ሲታይ ያ አበባ ቅጠል መሰል የነጠብጣቦች ድርድር ከወጣበት የድሮ ሥራ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የታተመ ቅጂ መሆኑን አወቅን ማለት ነው።

ከመሣሪያዎቼ ሁሉ የማዳላለት ግን የአልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ ነው። ወረቀት ይበልጥ ነጭ መስሎ እንዲታይ የሚጨመሩት ማንጫ ኬሚካሎች በወረቀት ሥራ የተስፋፉት ከ1950 ገደማ ጀምሮ ሲሆን፣ እነዚህ ኬሚካሎች የማይታየውን አልትራቫዮሌት ተቀብለው ሰማያዊ ብርሃን መልሰው ይሰጣሉ። በጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪው ሲበራበት ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ የሚያበራ ወረቀት እንግዲህ በ1900 የተሠራ ሊሆን አይችልም። ባትሪ ስትመርጡ የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት 365 ናኖሜትር የሚለውን እንጂ በርካሽ የሚገኘውን 395 ናኖሜትር አትውሰዱ፤ ሁለተኛው ከራሱ የሚወጣው ሐምራዊ ብርሃን ስለሚበዛ የወረቀቱን መልስ ይሸፍነዋል። ብርሃኑን ወደ ዓይን አለማዞር፣ የሚከላከል መነጽር ማድረግና ዕልባቱንም ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ማብራት ያስፈልጋል፤ አልትራቫዮሌት ቀለምን የሚያደበዝዝ ብርሃን ስለሆነ ለመመርመር ብለን የምንመረምረውን ልንጎዳ አይገባም።

ሆኖም ይህን መሣሪያ ከሚገባው በላይ የሚያምኑት ሰዎች እየበዙ ስለሆነ ገደቡንም መናገር አለብኝ። ማብራት የአዲስነት ማስረጃ ይሁን እንጂ አለማብራት የጥንታዊነት ማስረጃ አይደለም፤ ማንጫ የሌለው ወረቀት ዛሬም ይመረታል፤ በተለይ ለሥዕልና ለመዝገብ ማቆያ የሚሠሩት ጥራት ያላቸው ወረቀቶች አያበሩም። በጨርቅ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የልብስ ሳሙናዎች ተመሳሳይ ማንጫ ስለሚጨመርባቸው የመቶ ዓመት የሐር ዕልባት በቅርቡ ከታጠበ ሊያበራ ይችላል። በአሮጌ ካርድ ጀርባ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፎም ሊሆን ስለሚችል ፊቱንም ጀርባውንም ጠርዙንም ለየብቻ ማየት ይገባል። በእኔ ልማድ ባትሪው ብቻውን የሰጠው መልስ በመዝገብ ላይ በጥያቄ ምልክት ይገባል፤ መነጽሩ ወይም ጽሑፉ ሲያግዘው ምልክቱ ይነሣል።

የሐር ዕልባቶችን ካነሣሁ አይቀር፣ በ1860 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል የተደረገው የንግድ ውል የፈረንሳይ ሐር ያለ ቀረጥ እንዲገባ ሲፈቅድ በኮቨንትሪ ከተማ የነበረው የሪባን ሽመና ሥራ ክፉኛ ወደቀ። ቶማስ ስቲቨንስ የተባለው የዚያው ከተማ ሸማኔ በቀዳዳ ካርዶች የሚመራውን የዣካርድ መሸመኛ ለትንንሽ ባለ ቀለም ምስሎች አስማምቶ በ1862 የሐር ዕልባቶችን ማውጣት ጀመረ። በብዙዎቹ ላይ የታችኛው ጫፍ ሹል ሆኖ ዘርፍ ይንጠለጠልበታል፤ ስሙም በጀርባ በኩል በታጠፈው ጫፍ ላይ ተሸምኖ ይገኛል። ፋብሪካው በኅዳር 1940 ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ ወድሟል። በዚያው ከተማና በሌላም ቦታ ተመሳሳይ ሥራ የሠሩ ድርጅቶች ስለነበሩ ሐር የሆነውን ሁሉ በስቲቨንስ ስም መጥራት ስንፍና ነው፤ እጥፋቱን ገልብጦ ስሙን ማየት የአፍታ ሥራ ነው። እጥፋቱ ተቆርጦ ከሆነ ግን «ሠሪው ያልታወቀ» ብሎ ከመመዝገብ ሌላ ምርጫ የለም።

ስለ አያያዝ ያለኝ አቋም ጥቂት ቢሆንም ጠንካራ ነው። ዕልባትን ላሚኔት ማስደረግ፣ ማለትም በሙቀት በፕላስቲክ ማሸግ፣ መቅበር ነው፤ ሙቀቱና ማጣበቂያው የማይመለስ ጉዳት ያደርሳሉ። ለስላሳና ሽታ ያለው የፒቪሲ ኪስ ከውስጡ የሚወጣው ማለስለሻ ኬሚካል ቀለሙን ስለሚያነሣ የፖሊስተር ወይም የፖሊፕሮፒሊን ኪስ መጠቀም ይሻላል። ዘመኑንና ማስረጃውን በእርሳስ በኪሱ ውስጥ በሚገባ አሲድ አልባ ካርድ ላይ ጻፉ እንጂ በዕልባቱ ጀርባ ላይ አትጻፉ። በማስታወቂያነት ይታደሉ የነበሩትን የሴሉሎይድ (የቀድሞ ፕላስቲክ ዓይነት) ዕልባቶች ደግሞ ከሌሎቹ ለዩአቸው፤ ሴሉሎይድ ሲያረጅ ጎረቤቶቹን የሚበላ አሲዳማ ጋዝ ያወጣል፤ በቀላሉም ይቀጣጠላል። በጣት ሲታሽ የካምፎር ሽታ መስጠቱ ለመለየት በቂ ስለሆነ በጋለ መርፌ ወይም በእሳት እንፈትን የሚሉትን አትስሙ። የብረት ቅንጥቦች በወረቀት ላይ ዝገት ስለሚተዉ የየራሳቸው ክፍል ያስፈልጋቸዋል። ይህን ሁሉ እየመከርኩ እኔ ራሴ ከስብስቤ አንዱን የቆዳ ዕልባት በየቀኑ በማነበው መጽሐፍ ውስጥ እጠቀምበታለሁ፤ ጠርዙ እየሳሳ መሆኑንም አያለሁ። ልተወው አላሰብኩም።

መቀያየርን በተመለከተ ብዙ ምክር የለኝም፤ ብዜቶችን ብቻ መላክ፣ ጉድለታቸውን አስቀድሞ መናገርና በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል አድርጎ በፖስታ መስደድ ይበቃል።

አሁን የቀሩብኝ አብዛኞቹ በተበሳ ካርቶን ላይ በክር የተጠለፉና ከጀርባቸው ሪባን የተሰፋባቸው ናቸው። ካርቶኑ በፋብሪካ ተበስቶ ይሸጥ፣ ጥልፉ ግን በየቤቱ ይሠራ ስለነበር አድራሻም፣ ዋጋም፣ የአታሚ ስምም የለባቸውም፤ ነጠብጣብ ስለሌላቸው መነጽሩ የሚነግረኝ ነገር የለም፤ ባትሪውም ካርቶኑ የቆየ መሆኑን ከመጠቆም አያልፍም። አሁን እየሞከርኩ ያለሁት ዓመተ ምሕረት የተጠለፈባቸውን ጥቂቶች መነሻ አድርጎ የቀዳዳዎቹን ጥግግት ማነጻጸር ነው፤ እስካሁን ያየሁት ልዩነት አንዳች ነገር ለመደምደም አያበቃም፤ በእጄ ያሉትም ጥቂት ናቸው። እንዲህ ያለ፣ ዓመተ ምሕረቱ በራሱ ክር የተጠለፈበት ዕልባት ያላችሁ ሰዎች በሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀዳዳ እንዳለ በቁመቱም በወርዱም ቆጥራችሁ፣ የሪባኑን ስፋትና በክር ይሁን በማጣበቂያ መያያዙን ጨምራችሁ ብትጽፉልኝ፣ ቁጥሮቹን አንድ ላይ አሰናድቼ ለሁላችሁም አካፍላለሁ።