አንዱን ፓኮ ጥይት ለሁለት ከፍዬ የተማርኩት

ለረጅም ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣት የምዞር አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነበረች። በ50 ሜትር፣ አነስተኛ ጥይት በሚተኩሰው በ.22 ጠመንጃዬ የተኮስኳቸው ሦስት ጥይቶች ተነካክተው አንድ ቀዳዳ ለመሆን ጥቂት ቀርቷቸዋል። «ጠመንጃህ እንዴት ነው?» ላለኝ ሁሉ መልሴ እሷ ነበረች። ወረቀቷ አልዋሸችም፤ ጥይቶቹን የተኮስኩት እኔው ነኝ። ስህተቱ ሦስት ጥይት ሊነግረኝ ከሚችለው በላይ ከእሷ መጠበቄ ነው።

ይህ የገባኝ ጥይት ስመርጥ ነበር። በ.22 ዒላማ የሚተኩስ ሰው እንደሚያውቀው፣ አንድ ፋብሪካ በአንድ ስም የሚሠራው ጥይት እንኳ ከሎት ሎት (በአንድ ጊዜ ከተመረተው እስከ ሌላ ጊዜ ከተመረተው) ይለያያል። አንዱ ጠመንጃ የወደደውን ሎት ሌላው ላይወደው ይችላል። ሁለት ሎት ይዤ ሄድኩና ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ተኮስኩ። የመጀመሪያው 8 ሚሊ ሜትር ውስጥ ገባ፤ ሁለተኛው 17 ሆነ። ነገሩ ያለቀለት መሰለኝና የመጀመሪያውን በሙሉ ካርቶን ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ለወራት፣ ቃታውን በደንብ ስቤ የለቀቅኳቸው ጥይቶች ከአሥር ቁጥር፣ ከዒላማው መሃል ክብ፣ እየወጡ አስቸገሩኝ። አተነፋፈሴን፣ የሰደፉን ርዝመት፣ የማነጣጠሪያውን ብሎኖች፣ ሁሉንም ጠረጠርኩ። ጥይቱን ግን አልነካሁትም፤ «እሱን ፈትኜዋለሁ» እያልኩ።

ተኳሾች በተሰበሰቡበት የማይበርድ ክርክር አለ፤ አንድን ጠመንጃ ለመፈተን ስንት ጥይት ይበቃል? ሦስት የሚል አለ፣ አምስት የሚል አለ፣ ከአሥር በታች ያለውን አላይም የሚልም አለ። እኔ «ሦስት ይበቃል» ከሚሉት ወገን ቆሜ ብዙ ተሟግቻለሁ። ክርክሩ እልባት የማያገኘው ሁሉም የሚያመጣው የተሳካለትን ወረቀት ስለሆነ ነው፤ ያልተሳካው ቅርጫት ውስጥ ቀርቷል።

የጥይቶቹን ስብስብ ስፋት የምንለካው እርስ በርስ በጣም በተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ነው። ስለዚህ ጥይት በተጨመረ ቁጥር ስፋቱ ወይ ባለበት ይቆማል ወይ ያድጋል፤ የሚቀንስበት መንገድ የለም። በሦስት ጥይት በአማካይ 10 ሚሊ ሜትር የሚሰበስብ ጠመንጃ፣ ምንም ሳይነካ፣ በአምስት ጥይት ወደ 13፣ በአሥር ደግሞ ወደ 16 ይሄዳል። «የእኔ 10 ነው፣ የአንተ 16 ነው» ብለው የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች እኩል ጠመንጃ ይዘው ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ አሥር ጥይት ተኩሰህም ቢሆን ስፋቱን የወሰኑት ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ስምንቱ የት እንዳረፉ ቁጥሩ አይናገርም።

ይህን ሁሉ አንብቤ ነበር። ያሳመነኝ ግን ራሴ የሠራሁት ሙከራ ነው። ከአንድ ፓኮ 50 ጥይት አውጥቼ 25ቱን «ሀ»፣ 25ቱን «ለ» ብዬ በሁለት ኮሮጆ ከፈልኳቸው። አንድ ሎት፣ አንድ ፓኮ፣ ምንም ልዩነት የላቸውም። ከዚያ ሁለት የተለያዩ ጥይቶችን እንደማወዳድር ሆኜ አምስት አምስት እያደረግሁ ተኮስኩ። የ«ሀ» የመጀመሪያ ስብስብ 9 ሚሊ ሜትር፣ የ«ለ» የመጀመሪያ ስብስብ 16 ሆነ። መለኪያዬን፣ ካሊፐሩን፣ ይዤ ወረቀቶቹን ትክ ብዬ አየኋቸው። ከየት እንደመጡ ባላውቅ «ሀ»ን ገዝቼ «ለ»ን እጥል ነበር፤ ወራት ያስቸገረኝን ካርቶን የገዛሁት በትክክል በዚህ መንገድ ነው። አምስት አምስቱ ስብስብ ሲያልቅ የሁለቱ አማካይ ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሜትር አልበለጠም።

ጥይት ወይም ባሩድ ከማወዳደሩ በፊት ሰው ሁሉ ይህን አንድ ጊዜ ቢሠራ ደስ ይለኛል። ያው ከያው ጋር ሲወዳደር ምን ያህል እንደሚለያይ በዓይንህ ካላየህ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲለያዩ ምን ማለት እንደሆነ ማወቂያ የለህም።

ከዚያ አፈታተኔን ቀየርኩ። አምስት ጥይት አንድ ቦታ መተኮስ ተውኩ፤ ቀዳዳዎቹ ሲደራረቡ የትኛው የት እንዳለ መለየት አይቻልም። ብዙ ትናንሽ ክቦች ያሉበትን ካርድ ወስጄ ለእያንዳንዱ ክብ አንድ ጥይት ሰጠሁ። የእያንዳንዱን ቀዳዳ ርቀት ከማነጣጠሪያ ነጥቡ ግራ ቀኝና ላይ ታች ለክቼ እመዘግባለሁ። የሁሉንም አማካይ ቦታ አገኛለሁ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ጥይት ከዚያ መሃል ምን ያህል እንደራቀ አስልቼ አማካዩን እወስዳለሁ። በዚህ መንገድ ሁሉም ጥይት ድምፅ አለው። ሥራው አሰልቺ አይደለም አልልም፤ 50 ቀዳዳ ለመለካት አንድ ሙሉ ምሽት ይፈጃል።

አለካኩም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ.22 ጥይት ውፍረት 5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ወረቀቱ ግን ተመልሶ ስለሚኮማተር ቀዳዳው ከዚያ ያንሳል። የአንድ ስብስብ ውጫዊ ስፋት ለክቶ 5.6 የሚቀንስ ሰው ራሱን ሳያውቅ ጠመንጃውን ያሞግሳል። እኔ በዚያው ወረቀት ላይ ብቻዋን ያረፈች ጥይት ቀዳዳ ለክቼ እሱን እቀንሳለሁ።

ሌላው ሎት የመቀያየሩ ጉዳይ ነው። የ.22 ጥይት የእርሳስ ጫፍ በሰም ወይም በቅባት የተለበሰ ስለሆነ፣ ቅባቱ ከሌላው የሚለይ ጥይት ሲመጣ በርሜሉ እስኪለምደው ድረስ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች አይታመኑም። ስለዚህ በየቅያሪው አሥር ጥይት ወደ ጎን ተኩሼ ነው መቁጠር የምጀምረው። ደግሞም አንዱን ሎት ጠዋት፣ ሌላውን ከሰዓት አልተኩስም። ነፋሱም ድካሜም ለሁለቱ እኩል እንዲደርስ 10 ከአንዱ፣ 10 ከሌላው እያልኩ እፈራርቃለሁ።

እንዳመለጠ የሚቆጠረው ጥይት ላይ ያለኝ አቋምም ጠንከር ብሏል። «አራቱ አንድ ላይ ናቸው፣ አምስተኛዋ የእኔ ጥፋት ናት» ሲባል እሰማለሁ፤ እኔም ብያለሁ። አሁን ጥይቱ እንደወጣ፣ ዒላማውን በመነጽር ሳላይ፣ «ይቺን ተሳስቻለሁ» ብዬ ካልጻፍኩ አትሰረዝም። ቀዳዳውን አይቶ ጥፋተኛ መፈለግ ፈተና አይባልም። ሁሉንም በተኳሹ ማሳበብም አያስኬድም፦ ፍራንክሊን ማን (Franklin Mann) የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም የብዙ ዓመት ሙከራውን እ.ኤ.አ. በ1909 ያሳተመ ሰው ነው፤ የሰው እጅ ነገሩን እንዳያበላሽበት የጠመንጃ በርሜል በኮንክሪት መደገፊያ ላይ አስሮ ተኮሰ። ጥይቶቹ ያኔም ተበትነዋል።

ሁለቱን ሎቶች እንደገና ስፈትን ከእያንዳንዱ 50 ተኮስኩ። በካርቶን የገዛሁት ከመሃል በአማካይ 6.0 ሚሊ ሜትር ራቀ፤ የጣልኩት 4.6። ትንሽ ይመስላል። በዓለም አቀፉ የ50 ሜትር ዒላማ ላይ ግን የአሥር ቁጥር ክብ ከዳር እስከ ዳር 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጥይቱ ጠርዙን ከነካ ስለሚቆጠር ማዕከሉ ከመሃል 8 ሚሊ ሜትር ውስጥ ማረፍ አለበት። ከመጀመሪያው ሎት 12 ጥይት ከዚያ ውጭ አረፈ፤ ከሁለተኛው 5። ያን ሁሉ ወራት በራሴ ላይ ስፈልግ የነበረው ነጥብ እዚያ ነበር።

አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ አዳኝ ይህን ስነግራቸው አልተቀበሉኝም። «ልጄ፣ እኔ ሃምሳ ጥይት የምተኩስበት እንስሳ የለም። የእኔ ጉዳይ በርሜሉ ገና ሳይሞቅ የምትወጣው አንዲቱ ናት» አሉኝ። መጀመሪያ ልከራከራቸው ፈለግሁ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን የጠየቁት ሌላ ጥያቄ ነው፣ ልክም ናቸው። ለእሳቸው ጥያቄ በአንድ ቁጭታ የሚተኮስ 50 ጥይት መልስ አይሰጥም፤ በርሜሉ ይሞቃል፣ የመጀመሪያዋ ጥይት ከብዙዎቹ መካከል ትጠፋለች። «እንግዲያውስ ጋሼ፣ ያቺን አንዲቱን አሥር ጊዜ ይተኩሷት» አልኳቸው። አንድ ካርድ በ100 ሜትር፣ በየተኩስ ቀኑ በቀዝቃዛ በርሜል አንድ ጥይት ብቻ፣ ከዚያ ካርዱን አንስቶ ለሚቀጥለው ቀን ማስቀመጥ።

አደረጉት። በአሥረኛው ቀን ካርዱን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝና አብረን ለካን። አማካዩ ካነጣጠሩበት ነጥብ 22 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። የማነጣጠሪያቸው ማስተካከያ በአንድ ጠቅታ ሩብ ደቂቃ ማዕዘን የሚሄድ ነው (እዚህ ደቂቃ የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ነው)፤ በ100 ሜትር አንድ ደቂቃ 29 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንድ ጠቅታ 7 ሚሊ ሜትር ከምናምን ይሆናል። የማስተካከያውን ክዳን ከፍተው ሦስት ጠቅታ ወደ ላይ አዞሩና አዲስ ካርድ ጠየቁኝ።