አንድ ነጥብ አምስት

ጎንደር፣ ጃንተከል ዋርካ አጠገብ ጀበና ቡና የምንጠጣበት ቤት ካለፈው እሑድ ጀምሮ ስሜ ተቀይሯል። «አንድ ነጥብ አምስት መጣ» ይሉኛል። ቡና የምታፈላው ልጅ ሳትቀር።

የእኛ ማኅበር ጽዋ የለውም፤ ተራ ግን አለው። ተረኛው ሰው አይቶ የማይጨርሰውን ፊልም፣ ወይም እናቱ ፊት ገልጦ የማያነበውን ልብ ወለድ ይመርጥና ሁላችንም አስተያየት እንሰጣለን። ያለፈው የሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» ነበር፤ በፈረንጆች 1975 የወጣ፣ 201 ደቂቃ። ባሏ የሞተባት የብራስልስ ሴት ሦስት ቀን ቤቷን ስታስተዳድር ነው። አልጋ ታነጥፋለች፣ ድንች ትልጣለች፣ የልጇን ጫማ ትወለውላለች። ከሰዓት አንድ ወንድ ይመጣል፤ የከፈላትን ብር ጠረጴዛው ላይ ባለክዳን የሾርባ ዕቃ ውስጥ ታስቀምጣለች። ካሜራው ንቅንቅ አይልም። በ2022 የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት የጠየቃቸው ሃያስያን ከዓለም ፊልም ሁሉ አንደኛ ያሉት ይኼን ነው።

እኔም አየሁት። አንዲት ደቂቃ ሳልዘል። ተራዬ ሲደርስ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ «እኔን የገረመኝ ጥድፊያው ነው» አልኩ። «ድንቹን እዩት! ሴትየዋ ድንች አትልጥም፣ ትቀጣዋለች እንጂ። ቢላው ሽው፣ ልጣጩ ጠብ። ዘመናዊ ኑሮ ሰውን እንዴት እንደሚያዋክብ በአንድ ድንች!» አቦሉ ላይ የጀመርኩት ድንች ቶና ሲቀዳም አላለቀም።

ፊልሙን ዓለም ያወቀው በዝግታው ነው።

የሒሳብ አስተማሪው ስኒውን አስቀምጦ «ስንት ሰዓት ፈጀብህ?» አለኝ።

«ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ።»

ሶፍት ላይ ጻፈ፦ 201 ሲካፈል ለ134። «እስቲ ስልክህን።»

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቪዲዮ አይቼ ፍጥነቱን አልመለስኩትም ነበር። ድምፁ አልቀጠነብህም ወይ እንዳትሉኝ፤ ማጫወቻው እሱን ራሱ ያስተካክላል። ፊልሙም ብዙ አያወራም፤ ሲያወራ ደግሞ ፈረንሳይኛ ነው፣ ፈረንሳይኛ መቼ ረጋ ብሎ ያውቃል?

«ኃይሌ ገሪማ በተወለደበት ከተማ!» ብሎ ደረቱን መታ አንዱ። «የ150 ደቂቃ ፊልሙን ‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት›ንም እንዲህ ነው ያየኸው?»

ይኼን የሚለኝ ማን ሆኖ ነው? የስብሐትን «ሌቱም አይነጋልኝ» አውሼው በሦስተኛው ወር የመለሰልኝ ሰው! የመጽሐፉ ድፍረት ቋንቋው ነው፤ ውቤ በረሃ ውስጥ የሚባለውን እንደሚባል መጻፉ። እሱ ግን ምን ምኑን እንዳነበበ መጽሐፉ ራሱ ይመሰክርበታል። ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ማንም ሳይነካው እዚያው ገጽ ላይ ይከፈታል። የቀረው ገጽ እንደ አዲስ ብር ይንኮሻኮሻል። ለእሱ ግን ማንም ስም አላወጣለትም።

የሚያናድደው፣ ልክ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ዝግታ የሴትየዋን ሥርዓት ያስለምድሃል። በሁለተኛው ቀን ድንቹ ከልክ በላይ ሲበስልባት፣ ድስቱን ይዛ መድረሻ ሲጠፋት፣ የሾርባ ዕቃውን ክዳን ስትረሳ የምትደነግጠው ስለለመድክ ነው። በማግስቱ ቡናው አልጥም ብሏት ወተት ትቀይራለች፣ በመጨረሻ ደፍታ እንደ አዲስ ታፈላለች። በእኔ ፍጥነት ይኼ ሁሉ እንግዳ የመጣባት ሴት ሩጫ ነበር የሚመስለው።

ሰኞ ማታ ስልኬን ከስኳር ጣሳው አስደግፌ፣ ፍጥነቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጬ ደገምኩት። አክስቴ በመጀመሪያውም አጠገቤ ነበረች። ያኔ «ሰውዬው ማነው?» ብትለኝ «አጎቷ» ብያት፣ «ምነው ቡና እንኳ ሳይጠጣ» ብላ አዝናለት ነበር። ለሴትየዋ ባለሙያነት ግን ምርቃቷን አልነፈገችም።

ድንቹ ጋ ስንደርስ ምስር መልቀሟን አቁማ ስልኩ ላይ አጎነበሰች።

«ውይ በሞትኩት! ምነው፣ ታማለች እንዴ? ያን ጊዜ ቀልጣፋ አልነበረች?»