ጓንዡ ላይ የበላሁት «የመስክ ዶሮ»

ወደ ጓንዡ በመጣሁባቸው የመጀመሪያ ወራት ከቻይንኛ ፊደላት ሁሉ አስቀድሜ ያጠናሁት የከብትን፣ የበግንና የዶሮን ብቻ ነበር። በዚያ አገር «ሥጋ» የሚለው ቃል ሌላ ነገር ሳይጨመርበት ብቻውን ከተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ማለት ስለሆነ፣ ይህን ያልነገሩት አበሻ ሳያውቀው አሳማ መብላቱ አይቀርም። ስለዚህ የምግብ ዝርዝር በቀረበልኝ ቁጥር ከሦስቱ ፊደላት አንዱን ፈልጌ በጣቴ እጠቁማለሁ፤ ካጣሁም ሩዝ በአትክልት አዝዤ እበላለሁ። ዘዴዬ ለአራት ወር ያህል አላሳፈረኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ምሽት፣ ለአገር ቤት ነጋዴዎች ዕቃ በምንልክበት የካርጎ ቢሮ አብሮኝ የሚሠራ ቻይናዊ ባልደረባዬ እራት ጋበዘኝ። የወሰደኝ አፍሪካውያን ከሚበዙበት ከሻዎቤይ ሰፈር ብዙም ወደማይርቅ፣ ሩዝ በሸክላ ድስት ወደሚያበስል ጠባብ ምግብ ቤት ነው። በአካባቢው ልማድ መሠረት ሳህኖቻችንንና መብያ እንጨቶቻችንን በትኩስ ሻይ ካለቀለቀ በኋላ «እንግዳ ነህና አንተ ምረጥ» አለኝ። ዝርዝሩን ወደ ታች ስቃኝ የዶሮን ፊደል አገኘሁ። ከፊቱ ሌላ ፊደል ነበረ፤ እኔ ግን የአሠራሩ ስም መስሎኝ ግድ አልሰጠሁትም። «ጎበዝ፣ ማንበብ ጀምረሃል!» ሲለኝ ደግሞ ኮራሁ።

የድስቱ ክዳን ሲነሣ የዝንጅብልና የሽንኩርት መዓዛ ወጣ። ሥጋው ነጭና ለስላሳ፣ ጣዕሙ በዶሮና በዓሣ መካከል ያለ ነበር። ባልደረባዬ ከሁሉ የወፈረውን ታፋ መርጦ በእንጨቶቹ ሳህኔ ላይ አኖረልኝ፤ የእነርሱ ጉርሻ መሆኑ ነው፣ እንደ እኛውም እምቢ አይባልም። እየበላን ሳለ ስለ አገሬ ምግብ ጠይቆኝ ጥሬ ሥጋ በቢላዋ እየቆረጥን በአዋዜና በሚጥሚጣ እንደምንበላ ስነግረው ማላመጡን አቁሞ ትክ ብሎ አየኝ።

ነገሩን ያሳበቀው አጥንቱ ነው። እናቱ ዶሮ 12 ብልት ስታወጣ እያየ ያደገ ሰው የዶሮን አካል በቀላሉ አይስትም። በድስቱ ውስጥ ክንፍ የለም፣ ፈረሰኛ የለም፤ በማንኪያ የሚወጣው ሁሉ ታፋ ነው፣ አጥንቱም የጫጩት ያህል የቀጠነ ነው። «ይህ ምን ዓይነት ዶሮ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ቃሉ ስለጠፋበት እንጨቶቹን አስቀመጠ፤ ከዚያም መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አጎብጦ ሁለት ጊዜ አዘለለው።

እንቁራሪት ነበር። ቻይኖች «ቲየን ጂ» ይሉታል፣ በቀጥታ ሲፈታ «የመስክ ዶሮ» ማለት ነው፤ ያ የናቅሁት ፊደል «መስክ» ነበር። በእርባታ የሚያድገው ትልቁ ዝርያ ደግሞ «ኒዮ ዋ»፣ ማለትም «የከብት እንቁራሪት» ይባላል። እንግዲህ በዚህኛው ስሙ ተጽፎ ቢሆን ኖሮም ከብት ነው ብዬ በሙሉ ልብ እጠቁመው ነበር። ማንም አላታለለኝም፤ ራሴ አንብቤ ራሴ አዝዣለሁ።

ባልደረባዬ ፊቴን አይቶ ሥጋቴ የሕግ መሰለው መሰል፣ ቻይና በ2020 እ.ኤ.አ. የየብስ የዱር እንስሳትን መብላት ስትከለክል ለምግብ የሚረባው እንቁራሪት ከውኃ እንስሳት ወገን ተቆጥሮ መትረፉን አስረዳኝ። የእኔ ጭንቀት ግን ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጋር ነበር፤ በዚያ ሕግ የውኃ እንስሳ መባል ብቻውን አይበቃም፣ ክንፍና ቅርፊት ያስፈልጋል። ይህን ለማስረዳት ቻይንኛዬ አልበቃኝም። «የላም ሥጋ በጥሬው እየበላህ የበሰለ እንቁራሪት ትፈራለህ?» አለኝ፤ መልስ አላገኘሁለትም። ሳህኔ ላይ የቀረውን ታፋ ወደ ዳር ገፋ አድርጌ ከድስቱ ሥር የያዘውን ሩዝ እየፋቅሁ መብላት ቀጠልሁ። ከሁሉ ያሳፈረኝ መጣፈጡ ነው፤ ቢያስጠላኝ ኖሮ ለንስሐ አባቴ መናገሩ ይቀልልኝ ነበር።

ማታ እናቴ ደውላ እንደ ወትሮው ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ። መዋሸት አልፈለግሁም፣ እውነቱን ዘርዝሬ ለመናገርም አልደፈርሁም።

«ዶሮ በላሁ፣ እማዬ።»

«የምን ዶሮ?»

«የመስክ ዶሮ ይሉታል እዚህ።»

«ተመስገን!» አለች። «እኔ የፈረንጅ ዶሮ እየበላ ሊታመምብኝ ነው ብዬ ስሰጋ!»