ሁለት ሰንጢ፣ አንድ ቁጥር

ከሲልቨር ስፕሪንግ ማልደን ወጣን። ጋሼ ከጎኔ፣ ቡና የሞላ ፔርሙዛቸው እግራቸው ሥር። የምንሄደው ወደ ሰሜን፣ ወደ ፔንሲልቬንያዋ ብራድፎርድ ነው። ኬስ የሚባሉት ሰንጢዎች ከ1905 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የሚሠሩት እዚያ ነው። እኔ ሰንጢ እሰበስባለሁ። ጋሼ ደግሞ አዲስ አበባ ሳሉ ለዓመታት ሥጋ ቤት ሠርተዋል።

መንገድ ላይ አንድ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ አይተን ቆምን። ቡናማ እጀታ ያላት ትንሽ የኬስ ሰንጢ አገኘሁ። «የአጥንት ናት» አለኝ ሻጩ። ስለቷን ከፍቼ ሥሩ ላይ የተመታውን ቁጥር አነበብኩ፦ 6220።

የመጀመሪያው 6 የእጀታው ነው፤ ጎድጎድ ተደርጎ የተፈለፈለ አጥንት። በ5 ቢጀምር የአጋዘን ቀንድ፣ በ3 ቢጀምር ቢጫ ፕላስቲክ ይሆን ነበር። 2 ማለት ሁለት ስለት አላት። 20 የሞዴሏ ቁጥር ነው፤ ስሟም ፒነት፣ ለውዝ እንደማለት። ስለቷ ሥር የተመቱትን ነጥቦችም ቆጠርኩ፤ ሰባት። ኬስ በ1970 አሥር ነጥብ መምታት ጀመረ፤ ከዚያ በየዓመቱ አንድ አንድ እየቀነሰ ሄደ። ስለዚህ የ1973 ናት። የአጥንት ዋጋ ከፍዬ ወጣሁ።

መኪና ውስጥ ጋሼ «እስቲ አምጣት» አሉኝ። አውራ ጣታቸውን እጀታው ላይ ደጋግመው አሻሹ።

«ይሄ አጥንት አይደለም ልጄ።»

«ቁጥሯ እኮ በ6 ነው የሚጀምረው ጋሼ!»

«ቁጥሩን አላውቅልህም። አጥንት ግን ደም የሚሄድበት ቀዳዳ አለው። ይሄ የታለው?»

አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ። እውነታቸውን ነው። ድፍን ነው፤ ቀለሙም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት። ዴልሪን የሚሉት ፕላስቲክ ነው። በእነዚያ ዓመታት ኬስ አጥንት አስመስሎ ለሚፈለፍለው ዴልሪንም ያንኑ 6 ይመታበት ነበር። ይህን አውቃለሁ፤ ግን ቁጥሩን ሳይ እጀታውን ማየት ተውኩ። በጣም ቆጨኝ።

ብራድፎርድ ስንደርስ ሙዚየሙ ደጅ ያሉት የመንገድ መብራቶች የዚፖ ላይተር ቅርጽ አላቸው። ዚፖ ኬስን የገዛው በ1993 ነው፤ ሙዚየሙም የሁለቱ ነው።

እኔ የቸኮልኩት ወደ መሸጫው ነበር። አዲስ 6220 አስወጣሁ፤ ይቺ የአጥንት ናት። ከቁጥሩ ኋላ ኤስ ኤስ የሚል አለ፤ የማይዝግ ብረት ማለት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ በመነጽሩ አየሁ። አጥንቱ ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ነጥቦች አሉ። አንዳንዶቹ ረዘም ብለው ጭረት ይመስላሉ፤ ቀለሙም እነሱ ውስጥ ጠቆር ይላል። በጋለ መርፌ ነክቶ መለየት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል። እኔ በፍጹም አልስማማም። ሃምሳ ዓመት የቆየ እጀታ ለምን ይበሳል? መነጽር ይበቃል።

አጥንቱ ከብራዚል እንደሚመጣ ለጋሼ ነገርኳቸው፤ ሻኛ ካለው ከብት፣ ከእግሩ አጥንት።

«ቅልጥም በለኛ!» አሉ። ፊታቸው በራ። ሰንጢዋን ከእጄ ወስደው አልመለሱልኝም፤ ራሳቸው ከፈሉ።

ስንመለስ መሽቶ ነበር። ጋሼ የመኪናውን የውስጥ መብራት አብርተው፣ መነጽሬን ዓይናቸው ላይ አስጠግተው፣ ቀዳዳዎቹን ያያሉ።