ሁለት ቁጥር በአንድ ድምር

ከምድጃው የወጡት የፖርሰሊን ሰሃኖች ጠርዛቸው እንደ ረጠበ ወረቀት ወደ ታች ተልፈስፍሷል። ጥቂቶቹ ከመደርደሪያው ጋር ተጣብቀው በመዶሻ ነበር የሚላቀቁት። ጣት ወዲያው የተቀሰረው በምድጃው ኃላፊ ላይ ነው፤ ሙቀቱን አሳልፈዋል ተባሉ። እርሳቸው ግን፣ «እኔ ምድጃዬን አውቀዋለሁ፤ የሰጣችሁኝን ጭቃ ጠይቁ» አሉ። የሙቀት መለኪያው በአዲስ ተተካ፤ ሰሃኖቹ እንደገና ጎበጡ።

እኔ የምሠራው በቤተ ሙከራው ስለሆነ ጥያቄው ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ። ጭቃችን ግማሹ ካኦሊን የሚባለው ነጭ የሸክላ አፈር ነው፤ የቀረው ኳርትዝና ፌልድስፓር በሚባሉ የተፈጩ ማዕድናት እኩል ይከፈላል። ፌልድስፓር በምድጃው ውስጥ ቀልጦ ሌሎቹን ቅንጣቶች የሚያያይዘው ነው። ከሦስቱ አዲስ ጭነት የገባውም እርሱ ብቻ ነበር።

የአቅራቢው የምርመራ ወረቀት እንከን የለውም፦ «ጠቅላላ አልካሊ 11.4 በመቶ»። ውላችን የጠየቀው ከ11 ያላነሰ ነው። ሆኖም ይህ ቁጥር የፖታሲየም ኦክሳይድና የሶዲየም ኦክሳይድ ድምር ነው፤ የትኛው ስንት እንደሆነ አይናገርም። ነገሩ ሁሉ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። የሶዲየሙ ፌልድስፓር 1118 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ቀልጦ ቶሎ ይፈሳል። የፖታሲየሙ ከ1150 ጀምሮ የሚቀልጠው ሉሳይት የተባለ ጠጣር ማዕድን እያስቀረ ነው፤ ፈሳሹም ወፍራም ስለሆነ ሰሃኑ በሰፊ የሙቀት ክልል ቅርጹን ይዞ ይቆያል። በዚያ ላይ የሶዲየም ኦክሳይድ ሞለኪውል ቀላል በመሆኑ፣ በክብደት እኩል ቢሆኑ እንኳ በቁጥር አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይበልጣል። የእኛ ምድጃ የሚደርሰው 1280 ነው።

በዓይን መለየት አይቻልም ነበር ወይ? ድንጋዩ ሳይፈጭ ቢመጣ ምናልባት። የሶዲየሙ ዓይነት በተሰነጠቀ ገጹ ላይ ብዙ ጊዜ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ይታዩበታል። ከተፈጨ በኋላ ግን ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፤ ጥንካሬያቸውም ክብደታቸውም ተቀራራቢ ነው።

ስለዚህ ከአሮጌውና ከአዲሱ ጭነት ዱቄት በትንሽ ውኃ አርሼ፣ አውራ ጣት የሚያህሉ ሾጣጣ ቅርጾች ሠርቼ ጎን ለጎን ከሰሃኖቹ ጋር አስተኮስኋቸው። የአሮጌው ጫፉ ብቻ ዶልዱሞ፣ ወተት መስሎ፣ እንደቆመ ወጣ። የአዲሱ ተዘርግቶ የሚያብረቀርቅ ብርጭቆ ሆኗል። የተነጣጠለው ምርመራ ሲመጣ ሶዲየም 9.6፣ ፖታሲየም 1.8 ነበር። ድምሩ? 11.4።

የግዢ ክፍሉ አቅራቢውን ለመክሰስ ተሰናድቶ ነበር፤ ሰውዬው ግን ውሉ ያለውን አንድም ሳያጎድል አቅርቧል። ይህንን ለኃላፊዎች ማስረዳቱ ከምርመራው ይልቅ ከብዶኛል። አሁን ውሉ ሁለቱን ኦክሳይዶች በየመስመራቸው ይጠይቃል፣ ማንኛውም ጭነትም ወደ ማደባለቂያው ከመግባቱ በፊት የሾጣጣውን ፈተና ያልፋል።

የተረፈውን ክምር ለወለል ንጣፍ ሠሪዎች ልንሸጠው ስንል የሒሳብ ኃላፊዋ፣ «በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ከሆነ ነዳጅ አይቆጥብልንም?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መጠኑን ቀንሰን፣ ሙቀቱንም ዝቅ አድርገን በትንሿ ምድጃ እየሞከርን ነው። ሰሃኖቹ ቅርጻቸውን ጠብቀው ወጥተዋል፤ ስብራታቸው ላይ የምንቀባው ቀለም ግን አሁንም ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ውስጣቸው ገና በደንብ አልተደፈነም ማለት ነው።